ሦስተኛ ኪኒን ከመጀመርሽ በፊት ክንድሽን በሜትር ለኪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ካርድ የማነብ ነው የመሰለኝ። ስኳር አለ፣ ግፊት አለ፣ ኪሎው መቶን አልፏል። ክሊኒክ ስትለኪ 168 በ98፣ ቤት ስትለኪ 140ዎቹ ውስጥ ነው። ሐኪሙ «ሦስተኛ መድኃኒት እንጨምር» ብሎሻል፤ አንቺ ደግሞ «የቱን ልመን? ወይስ መድኃኒቱን ትቼ ኪሎ መቀነስ ላይ ላተኩር?» ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ስለ ጨው ቅነሳና ስለ እግር ጉዞ ነግረውሻል፤ እውነታቸውን ነው፣ አልደግመውም። ስለ ክንድሽ ግን ማንም አላነሳም።

1. የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልጊ። በትከሻሽና በክርንሽ መሀል ላይ የክንድሽን ዙሪያ ለኪ። በየመለኪያ ክፍሉ የምታዪው የተለመደው ካፍ (ክንድ ላይ ተጠቅልሎ አየር የሚሞላው ማለቴ ነው) ዙሪያው ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ የተሠራ ነው። ከዚያ ካለፍሽ ትልቁ ነው የሚሆንሽ፤ ከ45 ካለፍሽ ደግሞ ከእሱም የሚበልጠው። ካፉ ከጠበበ ደም ሥሩን ለመጫን ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል፤ መሣሪያው ያንን ኃይል በአንቺ ግፊት ላይ ደምሮ ይጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ የመጨረሻው ትልቅ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ወደ 20 ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በ20 ልዩነት እኮ ጤነኛ ሰው መድኃኒት ይታዘዝለታል!

2. «ትልቅ ካፍ አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ቢቆጡሽም። እኔ ጠይቄ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የምከታተልበት ክሊኒክ ግፊት የምትለካው ሲስተር፣ ደረጃ ወጥቼ ትንፋሼ ሳይመለስ ሹራቤን እንኳ ሳታስወልቅ ትጠቀልለዋለች። አየር ሲሞላ ጠርርር ብሎ ይለቃል። ደግማ ታስረዋለች፣ ደግሞ ይለቃል። በመጨረሻ በእጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛ ለካችኝና፣ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ «ማዘር፣ ይሄ ክንድ ነው ወይስ ጭን?» አለችኝ። ሰው ሳቀ። ትልቅ ካፍ የላችሁም ወይ ብል «ያለን ይሄው ነው፣ እርስዎ ይቀንሱ እንጂ!» ተባልኩ። መቀነስ ፈልጌ አይደል እንዴ እነሱ ዘንድ የምመላለሰው?

ሐኪሙማ ቀና ብሎም አላየኝ። ቁጥሩን ከካርዱ ላይ አነበበ፣ የነበረውን ኪኒን እጥፍ አደረገው፣ የሚያሸና መድኃኒት ጨመረበት፣ «ቀጣይ!» አለ። ከዚያ በኋላ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ዓይኔ ይጨልም ጀመር። ሄጄ ስናገር «እስኪለምዱት ነው» አሉኝ። አንድ ሌሊት ለሽንት ስነሳ ወደቅሁ፤ የእጄ አንጓ ተሰበረ። ለሕመሙ የታዘዘልኝ ደግሞ ዳይክሎፌናክ ነበር። ይሄንን በደንብ ያዢልኝ፦ ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ ከሚያሸናው መድኃኒትና እንደ ኢናላፕሪል ካሉት የግፊት ኪኒኖች ጋር ሲደረቡ ኩላሊት ይጎዳሉ። ራስሽን ባመመሽ ቁጥር የምትውጪው ምን እንደሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቅሽም።

የዳንኩት ስብራት ክፍል ውስጥ በነበሩ አንድ ጠና ያሉ ሲስተር ነው። ክንዴን አዩና ምንም ሳይሉ ወጥተው ሌላ ካፍ ይዘው መጡ። ሽንት ቤት ሄጄ እንድመለስ፣ ወንበሩን ተደግፌ እግሬን ሳላነባብር፣ ክንዴን በልቤ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፌ አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ እንድቀመጥ አደረጉኝ። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት እንኳ «ሲለካ አይወራም» ብለው ገሠጹኝ፤ ማውራት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋላ። የላይኛው ቁጥር ከክሊኒኩ በ20 ያህል ወርዶ ተገኘ። ዙሪያውን በሜትር ሲለኩት 46 ነው። መድኃኒቴ የተቀነሰልኝ ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን የራሴን መሣሪያ ከነካፉ ይዤ ነው የምሄደው። ያቺ ሲስተር ታኮርፋለች፤ ታኩርፍ።

3. የቱን ልመን ላልሽው፦ ካፉ ልክሽ ከሆነ የቤትሽን እመኚ። የብዙዎቹ ካፍ ላይ ለስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ተጽፏል፤ 22–42 የሚሉ አሉ፣ ለእኔ ዓይነቷ አይሆኑም። ጠዋትና ማታ፣ በደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን ለክተሽ ጻፊ። የመጀመሪያውን ቀን ሰርዢና የቀረውን አማካይ አውጪ። የቤት ልኬት መስፈሪያው ከክሊኒኩ ዝቅ ይላል፤ እዚያ 140 በ90 የሚባለው ቤት 135 በ85 ነው። ስለዚህ የአንቺ 140ዎቹም ቢሆን ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ሦስተኛው መድኃኒት በእውነት ሊያስፈልግሽ ይችላል። ብቻ በትክክለኛ ቁጥር ይወሰን። ከ180 በ120 አልፎ ደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአፍ መተሳሰር ካለ ግን የምን ወረቀት፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

4. መድኃኒቱን ትቶ ኪሎ መቀነስ… በራስሽ አታቁሚ። በብሪታንያ ዳይሬክት የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የወጣ ጥናት አለ፤ ስኳር ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን ያልጀመሩ ሰዎች በክትትል ኪሎ ሲቀንሱ፣ በዓመቱ ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ስኳራቸው ያለ መድኃኒት ከስኳር ሕመም ወሰን በታች ሆኗል። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ውስጥ ደግሞ 86 በመቶው። የስኳሩንም የግፊቱንም ኪኒን ያቆሙት ግን ሐኪም እያየ ነው።

የምትወስጂው የስኳር መድኃኒት የትኛው እንደሆነ አልጻፍሽም። ሜትፎርሚን ከሆነ ኪሎ አይጨምርም። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ከሆነ ይጨምራል። ስንት ጊዜ «ሆዳም» ተብዬ የተሰደብኩት ግሊቤንክላማይድ እየዋጥኩ ነው፤ ማንም ግን ይሄ ኪኒን ያወፍራል አላለኝም! በዚያ ላይ እነዚህን እየወሰድሽ ምግብ በድንገት ብትቀንሺ ስኳርሽ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር። ቶሎ የሚሟሟ 15 ግራም ስኳር ወስደሽ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሰሽ ለኪ። ኪሎ ለመቀነስ ከመነሳትሽ በፊትም «መጠኑ ይስተካከልልኝ» በያቸው። ኪሎሽ እየወረደ ሲሄድ የግፊቱም ኪኒን መከለስ አለበት፤ አለዚያ ዓይን ማጨለሙ ይመጣል።

የክንድሽን ዙሪያና የመድኃኒቶችሽን ስም እዚሁ ጻፊልኝ። የትኛው ካፍ እንደሚሆንሽና ለሐኪሙ ምን ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ አብረን እናያለን።