እናቴ አንዱን ጀምራ ሌላው ላይ ትጨርሳለች

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። አንድ ነገር ስጠይቃት ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለች ዋናው ሳይነገር ይቀራል። ሐኪም ፊት እንኳ ስለ ጉልበቷ ጀምራ የጎረቤት ሠርግ ላይ ትደርሳለች። የመርሳት በሽታ ጀምሯት ይሆን? ባቋርጣትስ ትቀየመኝ ይሆን?

መልስ፦ ጨዋታ ማርዘም ብቻውን የመርሳት በሽታ ምልክት አይደለም። «ጉልበትሽስ?» ሲሏቸው ወደ ነገሩ ከተመለሱ ብዙም አያስጋም። የተመለሰላቸውን ጥያቄ ከደቂቃዎች በኋላ እንደ አዲስ የሚጠይቁ፣ መድኃኒት አወሳሰድ የሚምታታባቸው ወይም ንግግራቸው ራሱ ትርጉም የሚያጣ ከሆነ ግን ያስመርምሯቸው። ለውጡ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

ዕድሜ ሲገፋ በወሬ መሃል ብልጭ የሚለውን ሌላ ሐሳብ ገፍቶ ማቆየት ይከብዳል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። በ1998 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አረጋውያን ከወጣቶች ይበልጥ ከርዕስ የወጡት ስለ ራሳቸው ሕይወት ሲያወሩ ነው፤ ሥዕል አይተው ሲገልጹ አልነበረም። እናትዎ ሕይወታቸውን እያጫወቱዎት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ጆሯቸውንም ያስመርምሩ፤ በደንብ የማይሰማ ሰው የሌላውን ንግግር ከመከታተል ራሱ ማውራቱ ይቀለዋል።

«ወደ ቁም ነገሩ ግቢ» ማለት ያስቀይማል፣ ያስደነግጣልም፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ የያዘው ሐሳብ ይጠፋበታል። ትንፋሽ እስኪወስዱ ይጠብቁና ከራሳቸው አፍ አንድ ቃል ተውሰው ይመልሷቸው፦ «እማዬ፣ ሠርጉ ላይ ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽን አመመሽ?» ሠርጉ ራሱ ወደ ጉልበቱ መሸጋገሪያ ይሆናል። ቴሌቪዥኑን ያጥፉ፣ ፊት ለፊት ይቀመጡ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ። «እንዴት ነው ሕመሙ?» ሰፊ በር ይከፍታል፤ «ጠዋት ነው ማታ የሚብስብሽ?» ሲባል መልሱ ያጥራል።

ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ምሽት አብራችሁ 3 ነገር ብቻ በወረቀት ጻፉ፤ በጣም የሚያስጨንቃቸው መጀመሪያ ይሁን። ከሥሩ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስምና መጠን ያስፍሩ። ወረቀቱን ገና ሲገቡ እናትዎ ራሳቸው ለሐኪሙ ይስጡ። እርስዎ ስለ እሳቸው አይመልሱ፤ የዘለሉት ነገር ካለ በመጨረሻ ያስታውሷቸው።