ጉልበቴን ሲላችሁ ዳሌውንም እዩ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) «ዶክተር፣ ለ30 ዓመት ወጣት ዳሌ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይቀየራል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይቀየራል አልኩት። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ የአጋሮ ልጅ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል።

ጅማ መርካቶ ቡና ሲጭንና ሲያወርድ የሚውል ጎረምሳ ነበር። ጉልበቴን አመመኝ እያለ ሲመላለስ ከረመ። የጉልበቱን ራጅ ያነሱታል፣ ደህና ነህ ይሉታል። ወጌሻም አሽቶታል። ቀደም ሲል ለወገቡ ብሎ ያለ ማዘዣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት እየገዛ ለወራት ውጧል። ምን ስትወስድ ነበር ብሎ የጠየቀው የለም።

እኔ ጋ ሲደርስ የጫማውን ክር የሚያስርለት ታናሽ ወንድሙ ነበር። አስተኝቼ እግሩን ወደ ውስጥ ሳዞረው የአልጋውን ጠርዝ ጨምድዶ ያዘ። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ይሰማል፤ ነርቮቹ የጋራ ናቸው። በዳሌው ራጅ ላይ የጭኑ አጥንት ራስ ክብነቱ ጠፍቶ ተደርምሷል። ደም አጥቶ ሞቷል፤ ያ ለወራት የዋጠው ፕሬድኒሶሎን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ሳይደረመስ ቢደርስልን ኖሮ አጥንቱን ሰርስሮ ግፊቱን መቀነስ ይሞከር ነበር። የቀረው መቀየር ብቻ ሆነ፤ ለዚያ ደግሞ ቤተሰቡ አቅም አልነበረውም። በምርኩዝ ወጣ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች ኤምአርአይ ለማዘዝ ትፈጥናላችሁ፣ በሽተኛ ማስተኛት ይሰለቻችኋል። በዚህ በሽታ ግን ኤምአርአዩም ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ላይ ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል። ብቻ ይህን በሽታ ሊያመጡ ስለሚችሉት፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ አረቄው፣ ስለ አደጋው ሳትጠይቁ አትዘዙ።

ተማሪ ሳለን እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ትንሽ የብረት ኳስ ከፕላስቲክ ጎድጓዳ ጋር አጋጥሞ ዳሌ መቀየሩን ስናነብ ተአምር ይመስለን ነበር። የወጣትን ዳሌ ለመቀየር አትቸኩሉ፤ ፕላስቲኩ ያልቃል፣ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል። አጥንቱ ተደርምሶ እንቅልፍ የነሳውን ልጅ ግን እስክታረጅ ጠብቅ ማለት ግፍ ነው።

ዳሌው የተቀየረለት ሰው ከሆስፒታል ሳይወጣ በፊት ቤቱ ምን ላይ እንደሚቀመጥ ጠይቁት። የጅማ በርጩማ ዝቅተኛ ነው፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኳሱ ሊወልቅ ይችላል። ከፍ ያለ ወንበር ይፈለግለት። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ አናጢ ቀዳዳ ያለው ወንበር ይሥራለት። ሰጋጅ ከሆነም ወንበር ላይ ሆኖ ይስገድ።