የሚረጋው ይሻላል ወይስ የማይረጋው?

እህቴ፣ «ለየቀኑ ምግብ የሚረጋውን ዘይት ልግዛ ወይስ የሱፍ አበባ?» ላልሽው፣ አቅምሽ ከፈቀደ የማይረጋውን ውሰጂ። የሚረጋው አብዛኛውን ጊዜ ፓልም ነው። ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነው፤ ቀዝቀዝ ሲል ዕቃው ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ይህ ስብ ሲበዛ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይጨምራል። በሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ ግን 10 በመቶ አካባቢ፣ በወይራ ዘይት ደግሞ 14 በመቶ ገደማ ነው።

«ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ጽሑፍ እንዳያታልልሽ። ከእህልና ከአትክልት የሚወጣ ዘይት ሁሉ፣ ፓልሙም ጭምር፣ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዕቃውን አዙሪና ከጀርባው ያለውን የሳቹሬትድ ስብ መጠን አንብቢ። እኔ ዘይት ስገዛ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ለመጥበስ የተጣራ ዘይት ይሻላል፤ ሙቀት ይችላል። ግን የትኛውም ቢሆን መጨስ ከጀመረ አልፎበታል፣ እሳቱን ቶሎ ቀንሺ። ጠቁሮና ወፍሮ አረፋ የሚያወጣ የጥብስ ዘይት ካለሽ እባክሽ ድፊው። ብክነት መስሎሽ አትሳሺ።

ብዙ ሰው ዘይቱን ምድጃው አጠገብ ነው የሚያስቀምጠው። ሙቀትና ብርሃን ቶሎ ያበላሹታል። ጨለም ባለ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ክዳኑን አጥብቀሽ አኑሪው። በወር የምትጨርሺውን ያህል ብቻ ግዢ።

መጠኑንም በማንኪያ ለኪ። 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ 120 ካሎሪ ገደማ አለው።