ፕሌየሩ አፕዴት ካደረገ በኋላ ሰራውንድ ድምፅ ለጠፋባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ፣ ፕሌየሩ፣ ማለትም ኮዲ የሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም፣ አፕዴት ካደረገ በኋላ የ5.1 ድምፅ (አምስት ስፒከርና አንድ ባስ) የጠፋባችሁ በዝታችኋልና ዛሬ አመሻሹን እዚሁ ነኝ ጠይቁኝ። ሴቲንጎቹን ኮዲ ላይ ባሉበት ስም ነው የምጠራው። አምፕ ስል ደግሞ የሆም ቲያትሩን አምፕሊፋየር ነው እንጂ የዲሽ ሪሲቨሩን አይደለም።

ገመድ ከመንቀላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እዩልኝ፣ ፊልሙ እየሄደ አምፑ ፊት ላይ ያለችው ትንሿ ስክሪን ምን ትላለች? "ዶልቢ ዲጂታል" ወይ "ዲቲኤስ" (ሁለቱም የሰራውንድ ድምፅ ማመቂያ ዓይነቶች ናቸው) ካለች ድምፁ አምፑ ጋ በደንብ ደርሷል፣ ስፒከርና የስፒከር ሽቦ ፈትሹ። "ፒሲኤም 2.0" (ያልታመቀ ባለሁለት ቻናል ድምፅ) ካለች አምፑ ጋ ሳይደርስ ነው ወደ ሁለት የወረደው፣ ሴቲንግ ነው። እኔ አንዴ የፋሲካ ዋዜማ ቤተሰብ ተሰብስቦ የኋላ ስፒከሮቹ ዝም ሲሉ ሌሊቱን ሽቦ ስፈታ አድሬ በነጋታው አዲስ ገመድ ሁሉ ገዛሁ፣ ለካ ስክሪኗ ከመጀመሪያው ፒሲኤም እያለች ነበር።

ጥያቄ፦ ኮዲ ያለበት ቦክስ ከአምፑ ጋር በኦፕቲካል (ድምፅን በብርሃን በሚልከው ገመድ) ነው የተገናኘው። ቻናሉን 5.1 አድርጌም አንዳንድ ፊልም በሁለት ስፒከር ብቻ ነው የሚወጣው።

መልስ፦ ወንድሜ ወደ 2.0 መልሰው። ግራ እንደሚያጋባ አውቃለሁ፣ ግን ኦፕቲካል ገመድ ያልታመቀ ድምፅ ከሁለት ቻናል በላይ አይሸከምም፣ 5.1 የሚያልፍበት በዶልቢ ዲጂታል ወይ በዲቲኤስ ሲታመቅ ብቻ ነው። ያ 2.0 የሚመለከተው ያልታመቀውን ነው። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ኦዲዮ ግባና ከታች ደረጃውን ኤክስፐርት አድርገው፣ ቻናል 2.0፣ ፓስትሩ (የታመቀውን ድምፅ ሳይፈታ ለአምፑ የሚያሳልፈው) ይብራ፣ ዶልቢ ዲጂታል ይብራ፣ ከዛ ትራንስኮዲንግ የሚለውን አብራ። እሱ ነው እንደ ኤኤሲ ባለ ሌላ ዓይነት የታመቀውን 5.1 ወደ ዶልቢ ቀይሮ የሚልክልህ፣ ቻናሉ 2.0 ካልሆነ ደግሞ ምርጫው አይመጣልህም። ትሩኤችዲ የሚለውን አትንካው፣ በኦፕቲካል አያልፍም።

ጥያቄ፦ እኔ አምፕም ምንም የለኝም፣ ቲቪ ብቻ ነው። ሙዚቃው ይጮሃል ሰዎቹ ሲያወሩ ግን አይሰማም።

መልስ፦ እህቴ ያንቺ ተቃራኒው ነው፣ ፕሌየሩ 5.1 ላይ ቀርቶብሻል። በ5.1 ንግግሩ አብዛኛው የሚመጣው በመሀል ስፒከር ነው፣ ያንቺ ቲቪ ደግሞ ግራና ቀኝ ብቻ ነው ያለው። 2.0 አድርጊው፣ የመሀሉን ለሁለቱ ያካፍለዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አመሸህ፣ በፕሌየሩ ሪሞት ድምፅ ልቀንስ ብል እምቢ አለኝ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። አልተበላሸም፣ ፓስትሩ ሲበራ ፕሌየሩ ድምፁን ሳይነካ ነው የሚያሳልፈው፣ በአምፑ ሪሞት ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ አንዳንዱ ፊልም ምንም ድምፅ የለውም፣ ሌላው ሰላም ነው። ሳውንድ ባሩ በቲቪው በኩል ነው።

መልስ፦ ድምፅ አልባዎቹ ዲቲኤስ ናቸው ብዬ እገምታለሁ፣ ዲቲኤስ የማይቀበል ቲቪ ብዙ ነው። ፓስትሩውን እንዳታጠፋው፣ ከስሩ ያለውን የዲቲኤስ ምልክት ብቻ አንሳ፣ ፕሌየሩ ራሱ ይፈታዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ አስተካክዬው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንደገና ስቴሪዮ ይሆናል።

መልስ፦ መብራት ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳሉ፣ ቦክሱ ከአምፑ ቀድሞ ከተነሳ በኤችዲኤምአይ ስንት ቻናል ትችላለህ ብሎ ሲጠይቅ መልስ ስለማያገኝ ስቴሪዮ ይልካል። መጀመሪያ ቲቪ፣ ቀጥሎ አምፕ፣ ስክሪኗ ስትበራ ደግሞ ቦክሱን አብራ።

ጥያቄ፦ ወደ ድሮው ቨርዥን ብመለስስ?

መልስ፦ እኔ የመጨረሻ ነው የማደርገው። ካልቀረ ግን ዩዘርዳታ የሚለውን ፎልደር ቀድመህ ፍላሽ ላይ ገልብጥ፣ ሴቲንግህም የፊልም ዝርዝርህም እዛ ነው ያለው።