«ይሄማ ይችላል!» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር

ወንድሜ፣ የጠየቅከው «ጓደኛዬ አንድ ብርጭቆ ሲበቃው እኔ ለምን ማቆም ያቅተኛል? ችግሩ አንጎሌ ነው ወይስ ጠባዬ?» ነው። እኔም ዓመታት የፈጀሁበት ጥያቄ ነው። መጠጥ ካቆምኩ 6 ዓመት ሆነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የደረሰብኝንና ከዚያ ወዲህ አንብቤ የገባኝን ልንገርህ።

አንድ ሁለት እንበል ተብሎ ከተቀመጥን፣ እኔ የምሰክረው መጨረሻ ላይ ነው። የሌላው ምላስ ሲተሳሰር እኔ ሒሳብ እደምራለሁ። «ይሄማ ይችላል!» ይሉኛል። ለካ መጠጥ ቶሎ የማይሰማው ሰው ሰውነቱ «በቃህ» አይለውም። ሞቅ እስኪለው ይጨምራል። በወጣትነታቸው መጠጥ ብዙም የማይሰማቸው ሰዎች ኋላ ላይ በመጠጥ የመቸገር ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ በጥናት ታይቷል።

ሰውነት አልኮሉን መጀመሪያ ወደ አሴታልዴይድ፣ ቀጥሎ ወደ አሴቴት ይቀይረዋል። አብዛኛውን የሚሠራው ጉበት ነው። አሴታልዴይድ መርዝ ነው። በምሥራቅ እስያ ብዙ ሰዎች ይህን መርዝ የሚያስወግደው ኢንዛይም በዘር ይደክምባቸዋል። ትንሽ ሲቀምሱ ፊታቸው ይቀላል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። በመጠጥ ሱስ የመያዝ ዕድላቸውም ከሌላው ያነሰ ነው። ጠባያቸው ስለበለጠ እንዳይመስልህ።

መጠጥ ለማቆም የሚታዘዘው ዳይሰልፊራም የሚባለው ክኒን የሚዘጋው ያንኑ ኢንዛይም ነው። ለእኔም ታዞልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብልጥ ነኝ ብዬ ክኒኑን ተውኩና በ4ኛው ቀን ግማሽ ቢራ ቀመስኩ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። ፊቴ ነደደ፣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተዘረርኩ። ለካ ክኒኑ ካቆሙት በኋላም እስከ 2 ሳምንት ሊሠራ ይችላል። ሰው ይሞትበታል፣ እንዳትሞክረው።

አስገራሚው ነገር ያለው አንጎል ውስጥ ነው። አንጎል ካታሌዝ በሚባል ኢንዛይም ጥቂት አሴታልዴይድ እዚያው ይሠራል። ደም ውስጥ ሲበዛ መጠጥ የሚያስጠላው ነገር፣ አንጎል ውስጥ ሲሠራ ግን መጠጡን ሳያስመኝ አይቀርም። አይጦች ላይ ካታሌዝን ሲያግዱት የሚጠጡት ቀንሷል። አሴቴቱም በደም በኩል አንጎል ይደርሳል፣ እንደ ነዳጅም ያገለግላል። ብዙ የሚጠጣ ሰው አንጎል ይህን ነዳጅ ከሌላው ይበልጥ ይጠቀማል። በ2019 የታተመ የአይጥ ጥናት ደግሞ ከዚሁ አሴቴት ከፊሉ ትዝታ በሚቀረጽበት የአንጎል ክፍል የጂኖችን ሥራ እንደሚነካ፣ መጠጥን ከቦታው ጋር አያይዞ በማስታወስም እጁ እንዳለበት አሳይቷል።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ካቆምኩ በ8ኛው ወር ከጀርባዬ አንድ ሰው ቆርቆሮ ከፈተ። «ጭሽሽ» አለ። አፌ ምራቅ ሞላ፣ ትከሻዬ ላላ። ዞር ስል ለስላሳ ነው። ለስላሳ! ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስላሳ ምን አደረገኝ?

ፍላጎቱን የሚያበርድ ናልትሬክሶን የሚባል መድኃኒትም አለ፤ ሐኪምህን ጠይቀው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ጠዋት ሳትጠጣ የሸሚዝህን ቁልፍ ስትቆልፍ እጅህ ይንቀጠቀጣል? የእኔ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የአንገቱን ቁልፍ ትቼው ነበር የምወጣው። አንተም እንደዚያ ከሆንክ ቤትህ ተቀምጠህ በአንድ ቀን ቀጥ እንዳታደርገው። የለመደ አንጎል መጠጡ ድንገት ሲቀርበት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ በሐኪም ክትትል ነው የሚቆመው። መልስህን እጠብቃለሁ፤ እዚህ መጻፍ ከከበደህ በውስጥ መስመር ላክልኝ።