ለቤላ የሚወስንላት ማን ነው?

ጥያቄ፦ ትዋይላይትን አራቱንም መጻሕፍት ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ። ጓደኛዬ ግን መጽሐፉን በእጄ ባየች ቁጥር ትነዘንዘኛለች። «ወንድ ሴትን የሚያዝበት ታሪክ ነው፣ ፍቅር ብለው ሸፍነው ያቀረቡልሽ» ትላለች። ደም መጣጩ ቫምፓየር ኤድዋርድ እኮ ሰው የሆነችውን ፍቅረኛውን ቤላን ይጠብቃታል እንጂ ምን ክፉ አደረጋት? ደግሞ ቫምፓየር መሆን የፈለገችው ራሷ ናት። ማናችን ነን ልክ?
ከጓደኛዋ የተኳረፈች

መልስ፦ እህቴ፣ መጽሐፉን ስለወደድሽው ማንም ሊያሸማቅቅሽ አይገባም። ክርክሩ ላይ ግን ወደ ጓደኛሽ አደላለሁ፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም።

«ይጠብቃታል» ያልሽውን እንየው። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ቤላ ጓደኛዋን ጄኮብን ልትጠይቅ ብላ አሮጌ ፒክአፗ ውስጥ ትገባለች፣ ቁልፉን ታዞራለች፣ መኪናው አይነሳም። ዞር ስትል ኤድዋርድ አጠገቧ ቁጭ ብሏል፣ ከሞተሩ የፈታውን ዕቃ በእጁ እያገላበጠ። አይጮህም፣ አይሳደብም። ድምፁም ልስልስ ያለ ነው። ጄኮብ ተኩላ ስለሚሆን ሰግቶላት ነው፣ እሺ፣ ግን ሄደች ቀረች የሚለውን የወሰነው እሱ ነው። እሱ አደን ሲሄድ ደግሞ እህቱ አሊስ ቤት አስቀምጣ እንድትጠብቃት ፖርሽ መኪና ጉቦ ይሰጣታል። በኋላ ለስለስ ብሎ ወደ ጄኮብ እንድትሄድ ይፈቅድላታል። ፈቃጅ መሆኑ ነው እኮ ችግሩ!

«ራሷ ናት የፈለገችው» ያልሽው ግን እውነት ነው። ቫምፓየር ልሁን ብላ ሙጭጭ ያለችው እሷ፣ እንቢ ያለው እሱ። ችግሩ ክፍያው ላይ ነው። መጀመሪያ አግቢኝ ይላታል። አገባች፣ አረገዘች፣ ፅንሱ አጥንቷን ሰበረው፣ ልትሞት ስትል ነው የተለወጠችው። አሁን ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችውን የተገላቢጦሽ ቅጂ አስቢ። እዚያ ሰው የሆነው ቦ የሚባል ወንድ ልጅ ነው፣ ቫምፓየሯ ኢዲት የምትባል ሴት። ያው ታሪክ ነው፣ ግን ቦ በዚያው በአንዱ መጽሐፍ መጨረሻ ቫምፓየር ሆኖ ቁጭ ይላል። ሠርግ የለ፣ ምጥ የለ። ቤላ ለዚያው ነገር አራት መጽሐፍ ፈጀባት። ጓደኛሽ ይህን ካልነገረችሽ እኔ ነገርኩሽ።

ጓደኛሽ የሳተችው የት መሰለሽ? በድሮዎቹ ታሪኮች እንደ ቤላ ደም የጠማት ሴት በሕይወት አትቀርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣውን ድራኩላ የተባለ የቫምፓየር ልብወለድ ውሰጂ። ሉሲ በአንድ ቀን ሦስት ወንድ ለጋብቻ ጠይቋት «ሦስቱንም ማግባት ለምን አይቻልም» ብላ የቀለደች ልጅ ናት። ቫምፓየር ስትሆን ደረቷ ላይ እንጨት የሚቸነክረው የገዛ እጮኛዋ ነው። ቤላ ግን ደም እየጠጣች ትኖራለች። የኤድዋርድን ግዙፍ ወንድም ኤሜትን በክንድ ትግል ትጥለዋለች፣ በመጨረሻም ባሏንና ቤተሰቡን የቫምፓየሮች ገዢ ከሆኑት ከቮልቱሪዎች የምትጋርደው እሷ ናት። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ የዘገየ ቢሆንም።

ስትታረቁ ያችን የፒክአፕ ቦታ አብራችሁ አንብቧት። ኤድዋርድን ግን መልከ ጥፉ ሽማግሌ አድርጋችሁ። ለነገሩ ሰውየው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው።