መልስ፦ የፍሪጅ ቴርሞሜትሬ አንዴ 3 አንዴ 9 ያሳያል፣ የቱን ልመን?

ሁለቱንም አይመኑ። በር በተከፈተ ቁጥር የሚለዋወጠው አየሩ ነው፤ ምግቡ እንዲያ ቶሎ አይሞቅም። የቴርሞሜትሩን ጫፍ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ነክረው መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ያሳድሩትና ጠዋት ማንም በሩን ሳይከፍት ያንብቡ። ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም።

ከበለጠ መቆጣጠሪያውን አንድ ቁጥር ብቻ ይጨምሩና (በአብዛኞቹ ትልቁ ቁጥር የበለጠ ያቀዘቅዛል) 24 ሰዓት ይጠብቁ። በየሰዓቱ ማሽከርከር ትርፉ ድካም ነው። አሁንም ካልወረደ የበሩን ጎማ ይፈትሹ፦ ወረቀት አስገብተው ይዝጉና ይሳቡት፤ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል።

ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 መሆን አለበት። እዚያ ውኃው በረዶ ስለሚሆን ቴርሞሜትሩን በቀዘቀዙት ዕቃዎች መሃል ይሸጉጡት። ከጣና የመጣ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ዓሣ ብዙ ኪሎ ባንዴ ካስገቡ ንባቡ ለሰዓታት ከፍ ይላል፤ ብልሽት አይደለም። በትንሽ በትንሹ፣ ጠፍጣፋ አድርገው በፌስታል ያስገቡት።

መብራት ሲጠፋ አይክፈቱት። ፍሪጁ 4 ሰዓት፣ የሞላ ፍሪዘር 48፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ዓሣ ከ4 ዲግሪ በላይ 2 ሰዓት ካለፈው ይጣል፤ ሽታው ደህና መሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ቴርሞሜትሩን ራሱን ከተጠራጠሩ በተከሰከሰ በረዶ ላይ ጥቂት ውኃ ጨምረው ይንከሩት፤ 0 ማሳየት አለበት። በፈላ ውኃ ግን አይሞክሩ፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ደህናውን ቴርሞሜትር በከንቱ ይጥሉታል።